የእሪ በከንቱ ሰው ምን ይፈልጋል?

ሰኞ፣ ጥቅምት 1 ቀን 1975

ዝናብ የለም። ዳቦ ተገኘ። ታክሲ ሞልቶ ስለነበር አራት ኪሎ ድረስ በእግሬ። መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ሰባት ማኅደር አወጣሁ፣ አሥራ ስድስት መለስኩ። አሥራ ሰባተኛው የት ገባ? ነገ ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ የውይይት ክበብ። እንደ ወትሮው ከኋላ፣ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። የክበቡ ሰብሳቢ ጓድ መርሻ የሚቀጥሉትን ርዕሶች ሲያከፋፍል ጆሮዬ ላይ ዝንብ አረፈ። እጄን አነሳሁ።

"ጓድ ገነነ በፈቃዳቸው ወስደዋል" አለ መርሻ። ተጨበጨበ።

ዝንብ ነው ማለት ይቻል ነበር? ከተጨበጨበ በኋላ አይቻልም።

ርዕሱ "የሰው ልጅ ፍላጎት ምንነት"። ዓርብ ኅዳር 10 ቀን። አርባ አምስት ደቂቃ። በዕድሜዬ ሰው ፊት ቆሜ ከሁለት ደቂቃ በላይ የተናገርኩት የለም፤ ያም የሰርጌ ዕለት ነው።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ምብራት ከፎቶ ቤት ሥራ ይዛ መጥታ የአንዲት ሙሽራ ከንፈር ታቀላለች። አሥራ ሁለት ዓመት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ ቀለም ስትቀባ ኖራ እጇ አንዴም ሲንቀጠቀጥ አላየሁም። ስለ ርዕሱ ነገርኳት።

"ስለ ፍላጎት? አንተ?" አለች፣ ብሩሿን ሳታነሳ።

"ምነው?"

"ምንም።"

ይህ "ምንም" ምን ማለት ነው…

ረቡዕ፣ ጥቅምት 3

የመሥሪያ ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ቀጭን ጥራዝ አላት። የሰው መሠረታዊ ፍላጎት ምግብ፣ ልብስና መጠለያ ነው፤ በዕቅድ ይሟላል፣ ይላል። ጮክ ብዬ ሰዓት እያየሁ አነበብኩት። አሥራ ሁለት ሴኮንድ። የቀረውን ጊዜ ምን ልበል?

ከሥራ ስወጣ ወደ የማነ። የማነ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ሲማር ሦስተኛ ዓመት ላይ ትምህርቱ ተቋርጦ በዚያው ቀረ። አሁን ፒያሳ ግድግዳ ተደግፎ ደብተር፣ እርሳስና ከአገር የወጡ ሰዎች ትተዋቸው የሄዱትን መጻሕፍት ይሸጣል።

"ፍላጎት?" አለ። ፊቱ በራ። "ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። ሁሉም የሚጠይቀኝ ባለ ሠላሳ ሁለት ገጽ ደብተር ነው።"

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 6

የመጀመሪያው ትምህርት፣ ማኪያቶ ላይ። ከጥንት ግሪኮች ፍላጎት ጉድለት ነው የሚሉ ነበሩ አለ የማነ። ሰው ያለውን አይፈልግም። የሚፈልገው የሌለውን ነው። ሲያገኘው ፍላጎቱ እዚያው ላይ ያበቃል።

"እንግዲያው ያገባ ሰው ሚስቱን አይፈልግም?"

"እሱን አንተ ንገረኝ፤ እኔ ላጤ ነኝ።"

ማኪያቶዬን ጠጣሁ።

ቤት ገብቼ የሌሉኝን ነገሮች መዘገብኩ። ጃንጥላ። የቀኝ ጫማ ሶል። የኮቴ ሦስተኛ ቁልፍ… ሃያ ሦስት ደረሱ። የምፈልገው ላይ ምልክት ላድርግ ብዬ እርሳሱን ሳነሳ እጄ አንዱም ላይ አልሄደም። ጃንጥላም ቢሆን ክረምቱ አልፏል። ሰው ብዙ ጎድሎት ምንም የማይፈልግ ሊሆን ይችላል?

ልጃችን ትርሓስ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥላ አነበበችው።

"ብስክሌት ረስተሃል።"

"እኔ ብስክሌት አልፈልግም።"

"እኔ እፈልጋለሁ።"

"ይሄ የእኔ ዝርዝር ነው።"

"የእኛስ የት አለ?"

ዘጠኝ ዓመቷ ነው። እናቷን ነው የወጣችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9

ከሥራ ስመለስ የቀበሌው ሱቅ በር ላይ ረጅም ሰልፍ። ተሰለፍኩ። ሰልፍ ካየሁ አልችልም፣ እግሬ ራሱ ይሰለፋል። ግማሽ ሰዓት እንደቆምኩ ከኋላዬ ያሉት ሴትዮ ትከሻዬን ነካ አደረጉ።

"ምንድን ነው የመጣው?"

"አላውቅም፣ እናቴ።"

"ሳታውቅ ነው የተሰለፍከው?"

"እርስዎስ?"

"እኔማ አንተን አይቼ ነው። ደህና ሰው ትመስላለህ።"

ተራዬ ሲደርስ የፋኖስ ብርጭቆ ሆኖ ተገኘ። ለአንድ ሰው ሁለት። እኛ ቤት ፋኖስ የለም። ከኋላ አልቋል የተባለ ጊዜ ግን ሁለቱንም ደረቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩ። ሴትዮዋ ሲያዩኝ ዓይናቸው ላይ የነበረው ቅናት… ደስ አለኝ። ለምን?

ለየማነ ነገርኩት። ጉልበቱን መታ። "ይኸውልህ፣ ፈረንሳዮቹ ይህን ለማስረዳት ስንት ወፍራም መጽሐፍ ጽፈዋል። የምትፈልገውን ከሌላ ሰው ዓይን ነው የምትቀዳው። እሱም ከአንተ ይቀዳል። መጀመሪያ ማን እንደፈለገው የሚያውቅ የለም።" ከዚያ መጻሕፍቱን ትቼ ሰው እንድጠይቅ መከረኝ።

ምብራት ብርጭቆዎቹን አየቻቸው። ብሩሽ ማስቀመጫ አደረገቻቸው።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ጥናት ጀመርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ማኅተም ያለበት አዲስ ደብተር። ጥያቄው አንድ፦ ምን ይፈልጋሉ?

መጀመሪያ የጊቢያችን ሰው፣ እማማ አሰፋች። በር ላይ ቆመው ደብተሩን አዩ።

"ምን አጠፋሁ?"

"ኧረ ምንም፣ እማማ። ምን እንደሚፈልጉ ብቻ…"

"ምንም አልፈልግም ልጄ። ሁሉ ተሟልቶልኛል። እንደዛ ብለህ ጻፍ። ጻፍከው? እስቲ አሳየኝ።"

ማንበብ አይችሉም። ቢሆንም ረጅም ጊዜ አዩት።

ቀጥሎ ጸጉር አስተካካዩ ሐጎስ። ምላጩን ጉሮሮዬ ላይ እንደያዘ ጠየቅኩት። ስህተት ነበር።

"ለማን ነው የምትጽፈው?"

"ለውይይት ክበብ።"

ምላጩ አልተነሳም። "እኔ ምንም አልፈልግም።"

"እሺ።"

"ጸጉር ቤቴ ይበቃኛል።"

"እሺ ሐጎስ።"

ከዚያ ላጨኝ።

ጨርቅ የምትሸጠው የከድር እናት፣ "አላህ የሰጠኝ ይበቃኛል፤ ይህንንም አትጻፈው" አለች። እስከ ማምሻው አሥራ አንድ ሰው ጠየቅኩ። አሥራ አንድ "ምንም"። በጥናቴ መሠረት በሰፈራችን በእሪ በከንቱ ውስጥ ፍላጎት የለም።

ሰኞ፣ ጥቅምት 15

አሥራ ሰባተኛው ማኅደር ተገኘ። ተቀምጬበት ነበር።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 18

ጠዋት ልብስ ሳልለብስ በር ተንኳኳ። እማማ አሰፋች።

"ያን ቀን ምንም ያልኩህ ተሳስቼ ነው። ቆርቆሮ ብለህ ጻፍልኝ። ስድስት።"

"እማማ፣ ይሄ ለጥናት ነው። የሚሰጥ ነገር የለም።"

"አውቃለሁ። እንደዛ ነው የምትሉት።"

ለካ ሰፈሩ ውስጥ ወሬ ተነስቷል። መንግሥት የሕዝቡን ፍላጎት በምስጢር እያስመዘገበ ነው፤ ያልተመዘገበ ይዘለላል። ወሬው ውሸት መሆኑን ለሐጎስ በዝርዝር አስረዳሁት። ሐጎስ እስከ መጨረሻው ሰማኝና ወደ ደንበኞቹ ዞረ። "እውነት ነው። እንዴት እንደሚክድ አያችሁት?"

እሑድ፣ ጥቅምት 21

ከቅዳሴ ማብቂያ ጀምሮ ጊቢያችን በር ላይ ሰልፍ። ምን እንደሚሸጥ እየጠየቁ የተሰለፉም ነበሩ። እምቢ ብል አይሄዱም። ደብተሩን ይዤ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ።

አንድ የመብራት ሠራተኛ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ አማቱ ወደ አገራቸው ቢመለሱለት ይፈልጋል። ለሦስት ወር ብለው መጥተው ሦስት ዓመታቸው። መናገር ደግሞ ነውር ነው። ጻፍኩ። ቀጥሎ አንዲት አሮጊት መጡ። አገራቸው መግባት ይፈልጋሉ። አማቻቸው ደግ ሰው ስለሆነ ልሂድ ቢሉት ይከፋዋል ብለው ሦስት ዓመት ዝም ብለው ኖሩ። ቀና አልኩ። ሰውዬው ገና በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ አንድ ላይ ነው የመጡት።

ልንገራቸው? ምስጢር መጠበቅ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ግዴታ ነው። ሁለቱንም ገጽ ለገጽ ጻፍኩና ደብተሩን ክፍት አድርጌ ውሃ ልጠጣ ገባሁ። ሰውዬው ማንበብ ይችላል። ስመለስ ተያይዘው እየሳቁ ሲወጡ አየኋቸው።

ሐጎስ መጣ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሰው ራስ ይዞ ኖረ። አንድ ቀን ዓይኑን ጨፍኖ ሌላ ሰው እንዲላጨው ይፈልጋል። የከድር እናት ረጅም ጊዜ አመነታች። "ስሜን" አለች በመጨረሻ። "ከድር ከተወለደ ወዲህ በስሜ የሚጠራኝ የለም።" መይሙና ብዬ ጻፍኩ። "አንብበው" አለችኝ። አነበብኩት። ሄደች።

ሰልፉ ሲያልቅ እማማ አሰፋች እንደገና። ቆርቆሮው መጻፉን ሊያረጋግጡ።

"ለምን ሥራ ነው፣ እማማ?"

"ከጓሮ አንዲት ክፍል ላወጣ።"

"ለኪራይ?"

"ለሙሉዓለም። ሲመጣ እኔ ጋ አንድ ክፍል አይተኛም፤ አሁን ትልቅ ሰው ሆኗል።"

ሙሉዓለም ልጃቸው ነው። በ1970 ከቤት ወሰዱት። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። ጊቢው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም አያነሳውም። ደብተሩ ላይ "ቆርቆሮ፣ ስድስት" የሚለውን አየሁ። ሌላውን በምን ቃል ልጽፈው?

ትናንት የማነ ስለ ሕፃን አውርቶኝ ነበር። ሕፃን ወተት ብሎ ያለቅሳል፣ ወተቱን ትሰጠዋለህ፣ ጠጥቶም ያለቅሳል፤ ድሮም የፈለገው ወተቱን የያዘችውን ነው። ሲነግረኝ ብልጥ ንግግር መስሎኝ ነበር። ዛሬ እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ሲወጡ… ከእንግዲህ አልጠይቅም ብዬ ደብተሩን ዘጋሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 23

ቀበሌ ተጠራሁ። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ስምንት አግዳሚ ላይ። ከዚያ አግዳሚ ተነስተው ወደ ቤታቸው ያልተመለሱ ሰዎች አውቃለሁ። ስለዚህ ፍልስፍና አላሰብኩም። ትርሓስን ከትምህርት ቤት ማን ያመጣታል፣ እሱን ነው ያሰብኩት።

ሊቀመንበሩ ጓድ መድኃኔ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦታል። ማን እንዳመጣለት አልጠየቅኩም።

"የሕዝብን ፍላጎት የሚሰበስብ ማን ነው?"

"ቀበሌ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።"

"አንተ ቀበሌ ነህ?"

"አይደለሁም።"

ማንበብ ጀመረ። አንድ ቦታ ሳቀ፤ አማትየዋ ጋ ይመስለኛል። አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ገጹን ሳይገልጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ ለጥበቃው፣ "ውጣ፣ በሩን ዝጋው" አለ።

"እኔን አልጠየቅከኝም" አለ።

"ም… ምን ይፈልጋሉ፣ ጓድ ሊቀመንበር?"

መሳቢያውን ስቦ የዳማ ሰሌዳና ቆርኪ አወጣ። ሊቀመንበር ከሆነ አምስት ዓመቱ። ከዚያ በፊት አትክልት ተራ ሽንኩርት ሲያራግፍ ከሦስት ጨዋታ ሁለቱን ይሸነፍ ነበር። ከተመረጠ ወዲህ ያሸነፈው ሰው የለም። "እኔ እንዲህ ጎበዝ አይደለሁም" አለ። "ራሴን አውቀዋለሁ። ሰዎቹ ናቸው የማይጫወቱት። በእውነት የሚያሸንፈኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ።"

ይህንንም የማነ ነግሮኝ ነበር። አንድ ጀርመናዊ አስተማሪ፣ ጌታ ሎሌው ሲያጎነብስለት አይጠግብም፣ የሚያጠግበው እኩያው ነው ይላል አለኝ። እኩያ ሆኜ ተቀመጥኩ። በሙሉ ኃይሌ ተጫወትኩ። ቆርኪ ጫፍ ሲደርስ ድሮ "ነገሠ" ይባል ነበር፤ እዚያ ቢሮ "ተመረጠ" ነው የሚባለው። የእኔ አንድም አልተመረጠም። ሦስቴ ተሸነፍኩ።

ጓድ መድኃኔ አዝኖ አየኝ። "አንተም?"

"በእውነት ነው የተሸነፍኩት።"

"ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት።"

"እኔ እኮ ዳማ አልችልም።"

"ሁሉም እንደዛ ነው የሚሉት።"

ሰው አለመቻሉን በምን ያስመሰክራል? በመጨረሻ ደብተሩን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። "ነገ የሚያሸንፈኝ ሰው ይዘህ ና። ካልመጣህ ግን ይህን ነገር ወደ በላይ አካል አስተላልፋለሁ።"

ረቡዕ፣ ጥቅምት 24

የማነ ዳማ አይችልም። ሐጎስ ይችላል፣ ግን ማንን እንደሚያሸንፍ ስነግረው ጸጉር ቤቱን ዘጋ። ምብራት ቡናማውን ቀለም እየበጠበጠች፣ "እኔ እመጣለሁ" አለች።

"ዳማ ትችያለሽ እንዴ?"

"አባቴ መቀሌ ሻይ ቤት ነበራቸው።"

"እሱን አውቃለሁ።"

"ሻይ ቤት ውስጥ ሰው ቀኑን ሙሉ ምን የሚያደርግ ይመስልሃል?"

አሥራ አራት ዓመት አብረን ኖረናል…

በአሥራ አንድ ሰዓት ሄድን። የመጀመሪያው ጨዋታ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ምብራት ሦስት ቆርኪ በአንድ ጊዜ ስትበላ ጥበቃው መተንፈስ አቆመ። ሁለተኛውንም አሸነፈች። ሦስተኛው ላይ ጓድ መድኃኔ ኮቱን አወለቀ፣ ላበው፣ ተሸነፈ። ያን ጊዜ ያየሁትን ፈገግታ ሰው ሎተሪ ሲወጣለትም አላየሁም። "እንደገና" አለ። አራተኛውን አሸነፈ።

"ይሄኛው የእውነት ነው?"

"የእውነት ነው። ግራዬን ዘንግቼ።"

"እግዜር ይስጥልኝ" አለ። ሊቀመንበር መሆኑን የረሳ ይመስለኛል።

ደብተሩን መለሰልኝ። ልንወጣ ስንል ወደ ምብራት ዞረ። "እርስዎስ፣ ወይዘሮ ምብራት፣ ምን ይፈልጋሉ? ስምዎን ደብተሩ ላይ አላየሁትም።"

ምብራት ቆርኪዎቹን በመስመር አስተካከለች። "ባለቤቴ ሲጠይቀኝ እነግረዋለሁ" አለች።

ጓድ መድኃኔ አየኝ። ጥበቃው አየኝ። ሃምሳ ሁለት ሰው ጠይቄያለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 27

አሁን ብጠይቃት ጠይቀኝ ስላለች ነው የሚሆነው። ስለዚህ በግምት።

ሐሙስ፣ ኬክ። ግማሹን በላች፣ ግማሹን ለትርሓስ ሰጠች። ዛሬ ሻሽ። ሻሹን የገዛሁት ከመይሙና ነው፤ በስሟ ስጠራት ከታች፣ ከተደበቀው አወጣችልኝ።

"ቆንጆ ነው" አለች ምብራት። "ማን መረጠው?"

"መይሙና።"

"ታውቃለች እሷ።" አጣጥፋ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 30

"ጠይቃት" አለ የማነ።

"ምን ብዬ?"

"ሃምሳ ሁለት ሰው የጠየቅከውን።"

"ለእነሱ ቀላል ነው። መልሱ እኔን አይመለከተኝም።"

የማነ የያዘውን መጽሐፍ ዘጋ። "ይህችን ከመጽሐፍ አላገኘኋትም" አለ።

እውነቱን ልጻፈው፣ የሚያነበው የለም። የፈራሁት አላሟላውም ብዬ ብቻ አይደለም። የምትፈልገው ነገር ውስጥ እኔ ባልኖርስ?

ስሄድ ከኋላዬ ጠራኝ። አንድ የአውሮፓ ሐኪም የታፈነ ነገር በሕልም ወይም በምላስ ስህተት አፈትልኮ ይወጣል ይላል አለኝ። "የንግግርህ ዕለት ተጠንቀቅ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 10

ተናገርኩ። ሠላሳ ደቂቃ ድረስ ሰላም ነበር። ስለ ግሪኮች ስል ጓድ መርሻ ማስታወሻ ያዘ፤ ስለ ሰልፉ ስል ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ወረቀቴ ላይ፣ "ዋናው ተግባራችን የሰፊውን ሕዝብ ፍላጎት ማወቅ ነው" ይላል። እኔ፣

"ዋናው ተግባራችን የምብራትን ፍላጎት ማወቅ ነው" አልኩ።

ሰው ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

"ምብራት ማን ናት?" አለ ጓድ መርሻ፣ እርሳሱን አንስቶ። የድርጅት ስም ሳይመስለው አልቀረም።

"ባለቤቴ።"

"እና ፍላጎቷ ምንድን ነው?"

"አላውቅም፣ ጓድ። አልጠየቅኳትም።"

የሂሳብ ክፍሏ ለተኪዳን ናት መጀመሪያ የሳቀችው። ከዚያ አዳራሹ ሁሉ። መርሻም እየሳቀ እርሳሱን ይነክሳል፤ ቃለ ጉባኤው ላይ ግን የሚቀጥለው ሳምንት ግለ ሂስ እንዳደርግ አስመዘገበ። ሳቁ ሲበርድ ከፊት የተቀመጡት ሦስት ባለትዳር ወንዶች ጭንቅላታቸውን ደፍተው ነበር።

እሑድ፣ ኅዳር 12

ትርሓስ ውጪ ሱዚ ትዘላለች። ምብራት መስኮቱ ሥር የአንድ ወታደር ጉንጭ ትቀባለች። ደብተር አልያዝኩም። አጠገቧ ተቀመጥኩ።

"ምብራት።"

"አቤት።"

"ምን ትፈልጊያለሽ?"

ብሩሿን አስቀመጠች። እስክትመልስ ስንት ነገር አሰብኩ። መቀሌ ልመለስ ትላለች። ሌላ ባል ትላለች።

"መኪና መንዳት" አለች።

"መኪና የለንም እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ከየት አምጥተን…"

"መኪና እፈልጋለሁ አላልኩም። መንዳት ነው ያልኩት።"

የወታደሩን ፎቶ ወደ ጎን ገፋችው። "ሰው ሁሉ ከንፈሬን አቅይልኝ፣ አፍንጫዬን አቅጥኚልኝ ይለኛል። አሥራ ሁለት ዓመት የሰው ምኞት ስቀባ ኖርኩ። አንድ ነገር በገዛ እጄ ይዤ ወደ ፈለግኩበት ማዞር አማረኝ።"

አማረኝ አለች። አርባ አምስት ደቂቃ ስናገር ይህን ቃል አንዴ እንኳ አላነሳሁትም።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ትርሓስ ሳትወለድ ጀምሮ።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"መኪና የለንም ትለኛለህ ብዬ።"

ዓርብ፣ ኅዳር 17

ግለ ሂስ። የግል ፍላጎትን ከሕዝብ ፍላጎት ጋር ማምታታቴን አምኜ አረምኩ። ስንወጣ ጓድ መርሻ ክንዴን ይዞ ጥግ አስያዘኝ። "ጠየቅካት?" አለ። "እንዴት ብለህ ጀመርክ?"

እሑድ፣ ኅዳር 26

ጓድ መድኃኔ ለእማማ አሰፋች ሦስት ያገለገለ ቆርቆሮ ላከ። ስድስት አይደለም። ሐጎስና እኔ ከጓሮ አንዲት ትንሽ ክፍል አወጣን። እማማ አልጋ አስገብተው አንሶላ አነጠፉ። በሩን ከውጭ አልቆለፉትም፤ ገርበብ አድርገው ተዉት። መዶሻውን አንስቼ ገባሁ።

ለምብራት የመንዳት ትምህርት የቀበሌ ድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል ተባለ። ጓድ መድኃኔ በዚያው ቀን ፈረመ። ምብራት ረቡዕ ረቡዕ ዳማ ትጫወትለታለች። ከሦስቱ ሁለቱን ይሸነፋል። ደስተኛ ነው።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 23

የምብራት አምስተኛ ትምህርት። ቤንዚን በኩፖን ስለሆነ ለአንድ ተማሪ ሃያ ደቂቃ ብቻ። አስተማሪው አቶ ግደይ ከኋላ እንድቀመጥ ፈቀደልኝ፤ አንድ ቃል እንዳልናገር አስምሎኝ። መኪናዋ ትንሿ ፊያት፣ ሰይቼንቶ ናት። ጉልበቴ አገጬን ይነካል።

ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ የሚወጣው ዳገት። መሃሉ ላይ ስንደርስ ከፊታችን የተጫነ አህያ ቆመ። ፍሬን ያዘች። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላችን አውቶቡስ ተጠግቶ ጥሩምባውን ለቀቀው። አህያው ሄደ። ሞተሩን አስነሳች፣ ማርሽ አስገባች… መኪናዋ ወደ ኋላ ተንሸራተተች። እንደገና ጠፋ። አንድ ሰውዬ በአውቶቡሱ መስኮት አንገቱን አውጥቶ፣ "አንቺ፣ ውረጂና ባልሽ ይንዳው" አለ።

ባልዋ መንዳት አይችልም። አቶ ግደይ፣ "የእጅ ፍሬን ያዢ፣ አትቸኩይ" አላት። ያዘች። በመስታወቱ ውስጥ ዓይኗ ከእኔ ጋር ተገናኘ።

"ፈራህ?"

"አዎ።"

"መውረድ ትፈልጋለህ?"

መሐላዬን ረሳሁ። "አልፈልግም" አልኩ። "እንድትወጪው ነው የምፈልገው።"

መልሱን አስቤ አላወጣሁትም። ከሌላ ሰው ዓይን ቀድቼም አይደለም። አቶ ግደይ ዝም እንድል በእጁ ምልክት ሰጠኝ።

ፍሪሲዮኑን ቀስ እያለች ለቀቀች። መኪናዋ ተንቀጠቀጠች። አልጠፋችም። የእጅ ፍሬኑን ስትፈታ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ… ከዚያ ወደ ፊት። ጮኻ፣ ጨሳ፣ በአንደኛ ማርሽ ቀስ እያለች ወጣች። ምብራት ቀኝና ግራ አላየችም። አፏ ውስጥ ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ በትግርኛ ነበር።

ጊዮርጊስ ጋ ደርሰን ስትቆም አቶ ግደይ ዞሮ አየኝ። እጄን እያየ ነው። እኔም አየሁት። ለካ ዳገቱን ሙሉ የፊተኛውን ወንበር በሁለት እጄ ወደ ፊት ስገፋ ነበር።